ከሦስት ሰዓት በፊት ስለማይገቡ ወፎች

ለተከበሩ የከተማው የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ያለ እርሱ ፈቃድ በግቢው ውስጥ ቅጠል የማይረግፍ ለሚመስለው ለጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ ከሰማያዊው የብረት በርዎ ውጭ ቆሜ ሳለሁ፣ የበሩ ጥበቃ ለአንድ ችኩል ጎብኚ «ምን ያጣድፍሃል ወንድሜ፣ ወፎቹ እንደሆኑ ከሦስት ሰዓት በፊት አይገቡም» ሲለው ሰማሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በአስተርጓሚነት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። የእናንተን የመንግሥት ደብዳቤ ወደ እኛ ቋንቋ፣ የእኛን ወደ እናንተ ስመልስ የኖርኩ በመሆኔ፣ የተነገረኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ መቀበል ደሜ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ የጥበቃውን ቃል እንዳለ አመንኩ፤ ለእርስዎ ያለኝም አክብሮት በዚያው ቅጽበት ጣሪያ ነካ። እኛ በመሥሪያ ቤታችን ደመወዝተኛውን በሰዓት ማስገባት እንዳቃተን ነው ጡረታ የወጣነው፤ እርስዎ ግን ክንፍ ያለውን ፍጡር በሰዓት ያስገባሉ።

ግራ ያጋባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ከአጥሩ ወዲያ ጆሮ የሚያደነቁር የወፍ ጫጫታ ይሰማ ነበር። አብራኝ ከነበረችው ከታላቅ እህቴ ጋር ተመካክረን፣ እነዚህ ተራ የያዙ ወፎች መሆን አለባቸው በሚለው ተስማማን። በሩ ሲከፈት ግን ጫጫታው አልቆ፣ ኩሬው ላይ ሁለት ዳክዬና አንድ ቁራ ብቻ ቀርተው አገኘናቸው፤ እነሱም ሥራ ላይ መዋላቸው ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር።

ይህ ደብዳቤ በቋንቋችሁ ተተርጉሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በእጄ ለመዝገብ ክፍልዎ ይደርሳል። ተርጓሚው እኔው ስለሆንኩ በትርጉም ላይ የሚሳበብ አንዳች ነገር አይኖርም። ይኸኛውን ቅጂ ደግሞ ለአገሬ አንባቢዎች አስቀርቻለሁ፤ የእርስዎን የአስተዳደር ጥበብ ለብቻዬ ይዤ መመለሱ ንፉግነት መስሎ ስለተሰማኝ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ስለ እህቴ ጥቂት እንድናገር ይፍቀዱልኝ፤ ጉዳዩ በሙሉ የሚዞረው በእሷ ዓይን ዙሪያ ነውና። እትዬ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የክር ማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ የወጣውን ቀለም ከናሙናው ጋር አስተያይታ «ነው» ወይም «አይደለም» ማለት ነበር። በዚያ ክፍል አንድ ቀለም የሚፈረምለት በሦስት ብርሃን ታይቶ ነው፤ በጠዋት ፀሐይ፣ በቀትር፣ ከዚያም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። በሁለቱ አልፎ በሦስተኛው የወደቀ ቀለም ብዙ አይታለችና፣ ከዚህ ሥርዓት ለማንም ዝንፍ ብላ አታውቅም። በናሙና መጽሐፋቸው ሽፋን ላይ አንድ ሰማያዊ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ታትሞ ነበር። የዚያን ወፍ ሰማያዊ በክር ላይ ለማውጣት ዕድሜዋን በሙሉ ሞክራለች። አንድ ጊዜ ደረስኩበት ብላ ያቀረበችውን ኃላፊዋ ከሽፋኑ ጋር አስተያይቶ «አይደለም» ብሎ መለሰባት። እትዬ ያን ክር አልጣለችውም። እሷ ተሳስታ እንደሆነ ወይም አታሚው ተሳስቶ እንደሆነ ለማወቅ ግን ወፉን ራሱን ማየት ነበረባት፤ እኛ ሠፈር ደግሞ እሱ ወፍ የለም።

አሁን የሁለቱም ዓይኖቿ መሐል ደክሟል። ሰው ስታይ ጆሮና ትከሻው ይታያታል፤ ፊቱ ግን ጉም ነው። ወደ ከተማችሁ የመጣነው ለዚሁ ሕክምና ሲሆን፣ ሐኪሙም ለመርፌው የሁለት ሳምንት ተኩል ቀጠሮ ከሰጠን በኋላ፣ መርፌው ያለውን ለማቆየት እንጂ የሄደውን ለመመለስ እንዳልሆነ፣ በእሷ ዓይን ላይ ቀድሞ እየደበዘዘ ያለውም ሰማያዊ እንደሆነ በትሕትና አስረዳን። «ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ፣ ባያሳድሩት ይሻላል» አላት። እትዬም ክሩን በቦርሳዋ ይዛ ነበርና፣ ያደረችው በሐኪሙ ቤት ሳይሆን በእርስዎ በር ላይ ነው ለማለት ትንሽ ይቀራል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ሰዓቱ። የጠዋት ፀሐይ የሚባለው ብርሃን በከተማችሁ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ይሰጣል። እርስዎ በሩን የሚከፍቱት በሦስት ሰዓት ነው። ይህ ለጎብኚው ዓይን ታስቦ እንደሆነ እገምታለሁ፤ አንድ ጊዜ ወፍ በብዛት ያየ ሰው ሌላ ቀን ተመልሶ ላይመጣ ይችላልና።

ሁለተኛ፣ ስለ ቅጹ። ጎብኚ ከመግባቱ በፊት ሊያያቸው ያሰባቸውን ወፎች በዓይነትና በቁጥር እንዲያስመዘግብ፣ ሲወጣም ማየቱን በፊርማው እንዲያረጋግጥ ማድረግዎ፣ ብዙ አገር የሚቀረው ሥልጣኔ ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን «ዓሣ አጥማጅ፣ አንድ» ብዬ ጻፍኩ። ስወጣ አላየሁም በማለቴ የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ በጣም አዘነች። «ታዲያ ካላዩት ለምን አስመዘገቡት? አሁን እኔ ይሄን ልዩነት በምን ላወራርደው ነው?» ብላ ቅጹን ወደ ላይና ወደ ታች ስታገላብጥ፣ ወንጀል የሠራሁ ያህል ተሰማኝ። ከኋላዬ የቆሙት አንድ አዛውንት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ሁላችንም ርግብ ነው የምንሞላው፤ ርግብ መቼም አይጠፋም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ «ርግብ፣ አንድ» እየሞላሁ በሰላም ገብቼ በሰላም ወጥቻለሁ። በአዳራሽዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ዓመታዊ ሪፖርትም በአዲስ ዓይን አነበብኩት፤ በግቢዎ ውስጥ ካለው ወፍ ከመቶ ዘጠና አራቱ ርግብ መሆኑን የሚያትተውንና፣ ለርግቦቹ መብዛት የአስተዳደሩን ያላሰለሰ ጥረት የሚያወድሰውን ማለቴ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ መመልከቻው ጎጆ። የጎጆው መስኮት የተቀደደው ለረጅም ሰው ነው። እትዬ አጭር ናት፤ ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ጣውላ ስታይ ቆየች። ጣውላው በሚገባ የተላገ መሆኑን መስክራለች። ጥበቃው አዝኖ የመቆሚያ ሣጥን ቢያመጣላት፣ በማግስቱ «በሣጥን ላይ መቆም ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በሣጥኑ ላይ ተለጥፎ አገኘነው። ሣጥኑ ግን እዚያው ቀርቷል፤ ጽሑፉ የሚለጠፍበት ሌላ ነገር ባለመኖሩ ይመስለኛል።

አራተኛ፣ ስለ ጸጥታው። በአራተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ እውነተኛው ዓሣ አጥማጅ መጥቶ ከኩሬው ማዶ ባለች ቅርንጫፍ ላይ አረፈ። ጎጆው ውስጥ የነበርነው ሰባት ሰዎች ትንፋሻችንን ዋጥን። እህቴ አንድን ነገር ለማየት ከእሱ አጠገብ ያለውን ማየት አለባት፤ ጉሙን ወደ ጎን ገፍታ በዓይኗ ጠርዝ ትፈልገዋለች፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። ትከሻዋን ይዤ «ከቅርንጫፉ ጫፍ ወደ ግራ፣ ትንሽ ዝቅ፣ አዎ፣ እዚያ ጋ» እያልኩ በሹክሹክታ መራኋት። የማናውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ከእሷ ጋር አንገታቸውን ያዘነብሉ ነበር። «ቆይ፣ አንድ ሰማያዊ ነገር…» ብላ ጀመረች። በዚህን ጊዜ፣ በየሩብ ሰዓቱ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያዎ ወፎች እንዳይረበሹ ድምፅ ባለማሰማት እንድንተባበር በሴት ድምፅ ለመነን። ወፉ ተባብሮ ሄደ። ሰባታችንም አንድ ቃል አልተነፈስንም፤ ስለዚህ ማስታወቂያው ግቡን መምታቱን በምስክርነት ላረጋግጥልዎ እችላለሁ።

አምስተኛ፣ ስለማይቸኩለው ወፍ።

በዘጠነኛው ቀን ጥበቃው እትዬ በሩን በጀርባዋ ተደግፋ ስትጠብቅ አያት፤ ሁልጊዜም እንደዚያው ነው የምትቆመው። ምሳ ሰዓቱ ላይ ወደ እኛ መጥቶ «ኑ እናቴ፣ በዚህ በኩል። አንድ የማይቸኩል አለ» አላትና፣ ጎብኚ ወደማይበዛበት ወደ ኋላው ኩሬ ወሰደን። ከውኃው መሐል በቆመ ምሰሶ ላይ ሰማያዊው ዓሣ አጥማጅ ተቀምጧል። ሰባት ደቂቃ ፈጀባት። ወፉ በሰባቱም ደቂቃ ንቅንቅ አላለም። ባገኘችው ጊዜ ቦርሳዋን ከፍታ ክሩን አወጣችና፣ ክንዷን ዘርግታ ከወፉ ጎን በዓይኗ ጠርዝ ይዛው ቆየች። ከዚያ ሻይ አለቀ እንደሚል ሰው በረጋ ድምፅ «እኔ አውጥቼው ኖሯል እኮ» አለች።

እኔ በመነጽሬ አየሁት። ከደረቱ ሥር የምስማር ራስ አለ። ክንፉ ላይ ቀለሙ ተፈንቅሎ እንጨቱ ይታያል፤ ሰማያዊውም የበሩ ሰማያዊ ነው፣ ከዚያው ጣሳ። ጥበቃው አየኝ፤ እኔም አየሁት። መነጽሬን አውልቄ ኪሴ ከተትኩት።

በማግስቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግማ አየችውና በሁለተኛው ብርሃንም አለፈ። በዚያ ምሽት በኪራይ ክፍላችን ለቀድሞ ኃላፊዋ የሚላክ ደብዳቤ አስጻፈችኝ። እንዲህ ይላል፤ «ያን የመለስክብኝን ሰማያዊ ከባለቤቱ ጋር አስተያይቼዋለሁ። ስህተቱ የአታሚው ነው። እንዴት ነህ፣ ጉልበትህን ተሻለህ ወይ?» እንዳልልከው ግን አስጠነቀቀችኝ፤ የጠዋቱ ብርሃን ይቀራል። አንድ ጊዜ እንኳ ለራሷ ስትል ደንቡን ትጥስ እንደሆነ ብዬ «ሁለቱ አይበቃም?» ብላት፣ «አንተ ደብዳቤውን አጋምሰህ ነበር እንዴ የምትተረጉመው?» አለችኝ።

ከዚያ ሦስት ቀን ደመና ሆነ። በደመና ቀለም አይፈረምም። በመጨረሻም ጥበቃው ኃላፊነቱን በራሱ ወስዶ፣ ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በጓሮ በር ሊያስገባን ቃል ገባ። ትናንት ማለት ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ እትዬ ክሩን ከክፍላችን ጀምራ በእጇ ይዛው መጣች።

ምሰሶው ባዶ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ በግቢዎ የአስተያየት መዝገብ ውስጥ ስለ በሩ ሰዓት፣ ስለ ድምፅ ማጉያው፣ ስለ ቅጹ የተጻፉ አቤቱታዎችን አንብቤያለሁ፤ ከእነሱ መካከል ቀለማቸው የደበዘዘ፣ ምናልባትም ጸሐፊዎቻቸው በሕይወት የሌሉ አሉበት። ለአንዳቸውም መልስ አልተሰጠም። ከዚህ ሁሉ መሐል ተመርጦ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ አፋጣኝ እርምጃ የተወሰደበት አንድ ብቻ ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ እንደተለጠፈው፣ አንድ ስማቸው ያልተጠቀሰ ጎብኚ «ሕዝብን ቀለም የተቀባ እንጨት ማሳየት ለተፈጥሮ ንቀት፣ ለጎብኚ ንቀት፣ ለእውነትም ንቀት ነው» በማለት ባቀረቡት አስተያየት መሠረት፣ አርቲፊሻል ወፉ ከምሰሶው ተነሥቶ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ገቢ ሆኗል። ስለ አስተያየቱ አጻጻፍ እንደ ባለሙያ አንድ ነገር ልበል። ዓረፍተ ነገሩ ሚዛኑን የጠበቀ ቢሆንም፣ ንቀቱ በዝቷል። እንዲህ ያለውን የሚጽፈው አርባ ደቂቃ ትንፋሹን ውጦ አንድ እንጨት ሲያይ የቆየና፣ መሳሳቱን ሌላ ሰው ቀድሞ ያወቀበት ሰው ነው። የተነካው ተፈጥሮ ሳይሆን ጸሐፊው ራሱ መሆኑ ከቃሉ ምርጫ ያስታውቃል።

ጥበቃውም ይህንኑ አስተያየት ይጋራል። ማስታወቂያው ሥር ቆመን ሳለ «ጋሼ፣ በየዓመቱ በሩን ስቀባ በምትተርፈኝ ቀለም እሱንም አደርሰው ነበር። ማንንም አልጎዳ። እንዲያው ማን ይሆን እንዲህ ጊዜ የተረፈው?» ሲል ጠየቀኝ። እንዲህ ዓይነት ሰዎች በየአገሩ እንዳሉ ነገርኩት።

እትዬ ያን ማስታወቂያ ማንበብ አትችልም፤ ቋንቋውንም አታውቅም። «ምን ይላል?» አለችኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ የሁለት መንግሥታትን ስድብ ሳይቀር አንድ ቃል ሳልለውጥ ያስተላለፍኩ ሰው ነኝ። «ሣሩ ላይ አትቀመጡ ይላል» አልኳት። እሷም ሣሩን ትታ አግዳሚ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች፤ ክሩን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ከምሰሶው ትንሽ ፈቀቅ አድርጋ፣ «ዓሣ ፍለጋ ሄዶ ይሆናል፤ እንጠብቀው» አለች። እስከ ሦስት ሰዓት ጠበቅነው። በሦስት ሰዓት በሩ ተከፈተ፤ ሌሎቹም ወፎች አልገቡም።

የእህቴ መርፌ ከነገ ወዲያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ የቀሩት ሁለት ጠዋቶች ናቸው። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ከርግቦቹ ሥራ ፋታ ሲያገኝ፣ ያ እንጨት ከዕቃ ግምጃ ቤት ወጪ ሆኖ ወደ ምሰሶው እንዲመለስና፣ በሩ አንድ ቀን ብቻ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እንዲከፈት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ምስማሩ ቀዳዳውን ስለማይስት ብዙ ልፋት አይጠይቅም። ቅጽ የሚያስፈልግ ከሆነ እሞላለሁ፤ የምሞላውም «ርግብ፣ አንድ» ብዬ ስለሆነ ሪፖርትዎ አይናጋም። ለጥበቃው ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ ታስቦ እንደሆነም፣ ደብዳቤው በእኔ ስም ቢወጣ ደስታውን አልችለውም።

የእኔን ሐሳብ ማወቅ ከፈለጉ፣ አንድ ሰማያዊ እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለመወሰን ከእህቴ የተሻለ ሰው በግቢዎ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሁለት ጊዜ «ነው» ብላለች። ሦስተኛውን እንድትል ፀሐይዋን እርስዎ እንዳይከለክሏት ብቻ ነው የምጠይቀው።

በጊዜ ሰሌዳዎ የሚገዙ ወፎች ሁሉ በሰላም ገብተው በሰላም እንዲወጡ፣ ድምፅ ማጉያዎም ዘወትር ከእርስዎ ቢሮ መስኮት ትይዩ ሆኖ ጸጥታን እንዲሰብክልዎ እየተመኘሁ፣ ስለተደረገልን መስተንግዶ ሁሉ እጅ እነሣለሁ።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
በየቀኑ አንድ ርግብ ማየቱን በፊርማው ያረጋገጠ፣
ጡረተኛ አስተርጓሚ

ከፊርማው በኋላ የታወሰ፦ በማስታወቂያዎ የአስተያየት ሰጪውን ማንነት ደብቀው መያዝዎ የጨዋ ሰው ምግባር ነው፤ ይሁንና የእርምጃዎን ፍጥነት ሰምቶ እንዲኮራ በቀጥታ ሊያመሰግኑት ቢፈልጉ ሩቅ አይሂዱ። የአስተያየት መዝገቡን አርባ ሦስተኛ ገጽ፣ እትዬ ጎጆው ውስጥ ጣውላ ስታይ በዋለችበት በሦስተኛው ቀን ከኋላው ኩሬ መልስ የተጻፈውን፣ ከዚህ ደብዳቤ ጎን አድርገው በፈለጉት ብርሃን ያስተያዩት። የእጅ ጽሕፈቱ የእኔ ነው።